ሰማያዊ በር ያላት የመጻሕፍት ሱቅና ከእሷ የገዛሁት ስንክሳር

ይህን የምጽፈው ለጅማ ሰው ነው። በተለይ መንፈሳዊ መጽሐፍ ገዝታችሁ ቁም ሳጥን ላይ ላስቀመጣችሁ። እኔም እንደዛ ነበርኩ። እናቴ ትታልኝ የሄደችው ሦስት ገድልና አንድ ተአምረ ማርያም ቤቴ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልለው ነበር። አቧራቸውን እጠርጋለሁ፣ እሳለማቸዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ማንበቡ ግን የካህናት ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ሱቋ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከተደረደሩት አንዷ ናት። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አላት፣ ሰሌዳ የላትም። ባለቤቱ መሪጌታ ናቸው። ስለ ሱቁ ልጽፍ ነው ስላቸው «ሱቁን ጻፊ፣ እኔን ተዪኝ» ስላሉኝ ስማቸውን አልጠራም። ውስጧ በጣም ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። በግራ በኩል ጧፍ፣ ዕጣን፣ መቁጠሪያና ማተብ አለ። በቀኝ መጻሕፍት ናቸው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ መጽሐፍ በላስቲክ ተሸፍኗል። ማየት ከፈለጋችሁ ግን ራሳቸው ላስቲኩን ገልጠው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ያሳዩአችኋል። ሳትገዙ ብትወጡም ፊታቸው አይለወጥም።

መጀመሪያ የገባሁት ለጧፍ ነው። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነበር። እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ቡናና ቅመም እሸጣለሁ። ያን ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ እውላለሁ፣ ቤት ስገባ ልጄን እንኳ በደንብ የማናገርበት አቅም አልነበረኝም። ስገባ መሪጌታ መጽሐፍ ዘርግተው እያነበቡ ነበር። የዕለቱን ስንክሳር ነው አሉኝና ሳልጠይቃቸው ጮክ ብለው ቀጠሉ።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፣ ግብፅ ውስጥ። ገዢው አል-ሙዒዝ ሊቀ ጳጳሱን አባ አብርሃምን ጠርቶ፣ ወንጌላችሁ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል እምነት ያለው ተራራ ያነሣል ይላል፣ እስቲ አሳየኝ ይለዋል። ሕዝቡ ሦስት ቀን ይጾማል። ከዚያ እመቤታችን ለአባ አብርሃም ተገልጣ፣ ውጣ፣ ገንቦ የተሸከመ ባለ አንድ ዓይን ሰው ታገኛለህ፣ ተአምሩ የሚደረገው በእሱ ነው ትለዋለች። ሰውየው ስምዖን ጫማ ሰፊው ነው። በጸሎቱም የሙቀጠም ተራራ ከመሬት ተነሣ። እኔ አማተብኩና «ድንቅ ነው» አልኩ። ጧፌን ይዤ ልወጣ ነበር።

«ተራራውንማ ሁሉም ይሰማል» አሉኝ። «ገንቦውን ሰማሽው ወይ ልጄ?»

አልሰማሁትም ነበር። መለስ ብለው ያችን ቦታ ብቻ እንደገና አነበቡልኝ። ስምዖን ገና ሳይነጋ ይነሣል። ውሃ ቀድቶ፣ ራሳቸው መቅዳት ለማይችሉ ሽማግሌዎችና ሕሙማን በየቤታቸው ያደርሳል። ከዚያ ገንቦውን አስቀምጦ ወደ ቆዳ ሥራው ይሄዳል፣ እስከ ማታ ይሠራል። ሊቀ ጳጳሱ ሲያገኘው በዚያ ቀን ለየት ያለ ነገር እያደረገ አልነበረም። ትናንትም ከትናንት ወዲያም የተሸከመውን ገንቦ ነው የተሸከመው።

«ተራራ የሚያነሣ ሰው ጅማ ላይ ላይገኝ ይችላል» አሉ መሪጌታ። «ውሃ የሚያጡ አሮጊት ግን አንቺም ሰፈር አሉ።»

አሉ። ከቤቴ ሦስት በር አልፎ። ያን ማታ ሄጄ ጀሪካናቸውን ሞላሁ ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ አልሄድኩም። የሄድኩት ከሳምንት በኋላ ነው። አሁን ግን ውሃ በሚመጣበት ቀን የእሳቸው ጀሪካን ከእኛ ጋር ይሰለፋል፣ ልጄ ነው የሚያደርስላቸው።

ስለ መጽሐፉ ልንገራችሁ። ሁለት ጥራዝ ነው። የመጀመሪያው ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ሁለተኛው ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን። ለእያንዳንዱ ቀን የዚያን ዕለት ቅዱሳን ታሪክ ታገኛላችሁ፣ ስለዚህ ከየት ልጀምር የሚባል ጣጣ የለበትም፣ ዛሬ ስንት ነው ብሎ ገልጦ ማንበብ ነው። ግእዙና አማርኛው አብረው አሉ። እኔ ግእዝ አልችልም፣ ግን ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ትንሽ ስለጀመረ አንዳንዴ እያነጻጸረ ይጠይቀኛል።

ዋጋው ለእኔ ቢጤ ነጋዴ ቀላል አይደለም። መሪጌታ ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ ግዢ አላሉኝም። አንዱን ያዢ፣ ካነበብሽው ሌላውን ትመጪበታለሽ ነው ያሉኝ። ቴሌብር ይቀበላሉ። የመጀመሪያውን ገዝቼ ጥር ላይ ስደርስ ለካ መሐሉ ላይ ገጽ ይጎድለዋል፣ ከጥር 9 ወደ ጥር 14 ይዘላል። ደረሰኝ የለኝም፣ ከገዛሁት ከወር በላይ ሆኖታል፣ በዚያ ላይ ልጄ ሽፋኑ ላይ ሻይ ደፍቶበታል። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የገዛሁትን ሬዲዮ በሦስተኛው ቀን ብመልስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብዬ ስለማውቅ፣ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። መሪጌታ ገለጥ አድርገው አዩት፣ ከመደርደሪያው አዲስ አወረዱ፣ አዲሱን ደግሞ እዚያው ቆመው ገጽ በገጽ ቆጠሩት። ሩብ ሰዓት ፈጀብን። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳላየው ሸጥኩልሽ» አሉኝ። እሳቸው እኔን ይቅርታ!

ጉድለቱንም ልናገር። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው በማታ መብራት ይቸገራል። የአማርኛው አጻጻፍ ከበድ ይላል። የሰማዕታቱ መከራ በዝርዝር የተጻፈበት ቀን አለ፣ መጋዙ፣ እሳቱ፣ የፈላው ዘይት፣ ያንን ለልጅ ከመኝታ በፊት ማንበብ ይከብዳል። እኔ ቀድሜ ለብቻዬ አየውና የማልፈውን አልፋለሁ። ጥራዙ ወፍራም ስለሆነ አከርካሪው ቶሎ ይላላል። ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡት፣ በክረምት ይሻግታል።

የተረፈው ዕቃቸውስ ካላችሁ፣ ጧፋቸው አያጨስም፣ አይንጠባጠብም። ዕጣኑም ጥሩ ነው። ስብከት የተጫነበት ሚሞሪ ካርድ ግን አልመክራችሁም። ወስጄ ነበር፣ ግማሹ መሐል ላይ ይቆረጣል። ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፣ ሱቋን የወደድኩት ለመጽሐፉ ብቻ አይደለምና። መሪጌታ መጽሐፍ ሲሸጡ አነባበቡንም አብረው ይሰጧችኋል። «ገንቦውን ፈልጊ» ይላሉ። እኛ ቤት አሁን መደበኛ አባባል ሆኗል። ከራት በኋላ እናነባለን፣ ስንጨርስ ልጄ «ገንቦው የቱ ነው?» ይላል። አንዳንድ ቀን እናገኘዋለን፣ አንዳንድ ቀን አናገኘውም፣ እንተኛለን።

ጥር 22 የአባ እንጦንስ ነው። አጋንንት በአውሬ መልክ እየመጡ እንዳስፈራሩት ሁላችንም እናውቃለን። የእሱ ገንቦ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። በረሃ ውስጥ ተቀምጦ ይሰለቻል። እንጦንስ፣ የመነኮሳት አባት፣ ይሰለቻል! ምን ላድርግ ብሎ ሲጸልይ አንድ ሰው ያያል። ሰውየው ተቀምጦ ይታታል፣ ይነሣል፣ ይጸልያል፣ ተመልሶ ይቀመጥና መታታቱን ይቀጥላል። መልአክ ነበር። አንተም እንዲህ አድርግ ተባለ። ከሰዓት ላይ መርካቶ ጭር ሲል፣ ገበያ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ፣ ይህች ታሪክ ትመጣብኛለች። ኮረሪማ እፈለፍላለሁ፣ ተነሥቼ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ ተመልሼ እፈለፍላለሁ። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብም ይረጋል።

የካቲት ላይ የሆነውን ማውራት ቀላል አይደለም፣ ግን ያለሱ ይህ ጽሑፍ ሙሉ አይሆንም። ለመሪጌታ ሩብ ኪሎ ቡና በስጦታ ወስጄላቸው ነበር። እሳቸው በስጦታ አልቀበልም ብለው ሲከፍሉኝ እግረ መንገዳቸውን «ሚዛንሽን መቼ ነው ያስፈተሽሽው?» አሉኝ። ተከፋሁ። ሌባ ያሉኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን መጽሐፍ ቅዱስ አውጥተው ምሳሌ 11 ቁጥር 1ን አሳዩኝ፣ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው የሚለውን። «ሰውየው አባይ ነው አይልም፣ ሚዛኑን ነው ያለው። ሚዛን ባለቤቱ ሳያውቅ ሊዋሽ ይችላል» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የታሸገ 1 ኪሎ ጨው አምጥቼ ሚዛኔ ላይ አስቀመጥኩ። መርፌዋ አንድን አለፈች። ጨውን አውርጄ ስኳር ጫንኩ፣ አሁንም አለፈች። ሃምሳ ግራም ገደማ ነው። ይኸ ማለት አንድ ኪሎ ብዬ የሸጥኩት ሁሉ አንድ ኪሎ አልነበረም። ከመቼ ጀምሮ? አላውቅም። በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ደንበኛ መጥቶ «ቡና አለ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ሃምሳ ግራም ቡና በሲኒ ስንት እንደሚሆን የጅማ ሴት ሁሉ ታውቃለች።

ሚዛኑን አሠራሁ። ያለፈውን ግን ለማን ልመልሰው? መሪጌታን ጠየቅኋቸው። ሩት ምዕራፍ 2ን አንብቢ አሉኝ። ሩት በሰው እርሻ ቃርሚያ ትለቅማለች። ቦዔዝ አጫጆቹን ከነዶው እየመዘዛችሁ ሆን ብላችሁ ተዉላት፣ አትውቀሷት ይላቸዋል። አያችሁ፣ ልመና እንዳይመስላት ነው። ወድቆ ያገኘችው እንዲመስላት። እኛ ገበያ ውስጥ ይህ ነገር ስም አለው፣ ምርቃት እንለዋለን። ከመዘንን በኋላ የምንጨምረው እፍኝ ነው። ኑሮው ሲወደድ ብዙዎቻችን ምርቃት ትተናል፣ እኔም ትቼ ነበር። መልሼ ጀመርኩ። በተለይ ለጉልት ሴቶችና አንድ ሲኒ የሚሆን ብቻ ለሚገዙት፣ መርፌዋ ልክ ላይ ከቆመች በኋላ እፍኝ እጨምራለሁ፣ ምንም አልናገርም።

ሁለተኛውን ጥራዝ መጋቢት ላይ ገዛሁ። ግንቦት 11 ቅዱስ ያሬድ ነው። ልጄ 6ኛ ክፍል ነው፣ ሒሳብ አልገባ ብሎት ደብተሩን አልጋ ሥር ይደብቃል። ያሬድም ትምህርት አልገባ ይለዋል፣ አጎቱ ጌዴዎን ይገርፈዋል፣ ይሸሻል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ዛፉ ላይ ለመውጣት ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ ደግሞ ስትሞክር፣ በመጨረሻም ስትወጣ ያያል። ልጄ «ለምን ሌላ ዛፍ አልሞከረችም?» አለ። አሰበና ደግሞ «ገንቦው ትሏ ናት?» አለኝ። እኔም እሷ ትመስለኝ ነበር። ለመሪጌታ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትሏማ ለያሬድ የታየች ናት። የያሬድ ገንቦ መመለሱ ነው። የገረፈው መምህር ዘንድ ሄዶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ እንደገና አስተምረኝ ማለቱ።» ዜማው፣ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራዩ፣ ሁሉም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኩት። እሱ ዝም አለ። እኔ ግን የገረፍኩባቸው ቀናት ትዝ አሉኝና ዱላውን ጣልኩት፣ በቃ። ደብተሩ አሁን ጠረጴዛ ላይ ነው። ውጤቱ ገና ነው።

ሰኔ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ተጣላሁ። ሙስሊም ናት፣ አሥር ዓመት አብረን ቡና ጠጥተናል፣ ልጄን አዝላ አሳድጋለች። ያጣላን የዝናብ ውሃ ነው። የእሷን ግቢ ቦይ ወደ እኔ በኩል አዞረችው፣ ውሃው ኩሽናዬ ገባ፣ በርበሬዬ ረጠበ። ጮህኩባት። የማይባል አልኩ። እሷም መለሰች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ከዚያ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ተቀምጬ ሳለ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለው የኤፌሶን ቃል መጣብኝ። እኔ ደግሞ ነገ እሄዳለሁ፣ ዛሬ ትንሽ ይብረድልኝ እያልኩ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ፀሐይ የት እንዳለች እንኳ አይታይም። ይኸኔ የመግሪብ አዛን ተሰማ። አዛኑ ፀሐይ ስትገባ ነው የሚባለው፣ ጅማ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልገውም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ ባዶ እግሬን በጭቃው ሮጥኩ። በሯ ላይ ስደርስ ለሰላት ልትቆም ውዱ አድርጋ ፊቷ እርጥብ ነበር። «ይቅር በይኝ እቴ፣ ፀሐይዋ ሳትገባ ብዬ ነው» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፣ ግን አቀፈችኝ። «ቆይ ልስገድ፣ ቡና አፍልቼ እጠራሻለሁ» አለች። ጠራችኝ። በማግስቱ ባሏና አንድ የሰፈር ልጅ ቦዩን አስተካከሉት።

እዚያው ሰኔ ውስጥ፣ በ24፣ ሙሴ ጸሊም አለ። ወንበዴ ነበር፣ በንስሓ መነኮሰ። አንድ መነኩሴ ባጠፋ ጊዜ ወንድሞች ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሙሴን ይጠሩታል። እምቢ ይላል። ሲያስቸግሩት የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ሲሉት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ ይፈሳል፣ አላየውም፣ የሌላ ሰው ላይ ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ለሰውየው ይቅር አሉት። በዚያ ሳምንት እቁባችን አንዲት ሴት አልከፈለችም ብሎ ሊያስወጣት ተሰብስቦ ነበር። እኔ ተናጋሪ ነኝ፣ እዚያ ቤት ድምፄ ይሰማል። ያን ቀን ስለ ሙሴ ስብከት አላደረግኩም። አንድ ወር እንታገሣት ብቻ አልኩ። ሃምሳ ግራሟ በልቤ ነበረች።

ሱቋ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ትከፈታለች። በጾም ወቅት ቅዳሴ ከሰዓት ስለሚሆን ቀን ላይ ብትሄዱ ዝግ ታገኟታላችሁ፣ ወደ 11 ሰዓት ሂዱ። እሑድ ጠዋት ሕዝብ ስለሚበዛ መሪጌታ ለማውራት ጊዜ የላቸውም፣ ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላል። መግቢያው ላይ መጠለያ የለም፣ ጥላ ያዙ። ስንክሳሩ አቅማችሁን ከከበደ በውዳሴ ማርያም ጀምሩ፣ ትንሽ ናት፣ በሰባቱ ቀን ተከፋፍላለች፣ ዋጋዋም ቀላል ነው። ዳዊትም በትልቅ ፊደል አላቸው፣ ለእናት ለአባት የሚሆን።

ገና ሳትገዙ ደግሞ የዛሬውን ያንብቡልኝ በሏቸው። ሥራ ቢበዛባቸውም መነጽራቸውን ያደርጋሉ።